እህቱን ማን አስተኛት?

በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ከመኪኖቹ ድምፅ በላይ የሚሰማ ሰው ነበረ፤ ባለቤቱ ራሱ። ሠራተኞቹ በሌለበት «ማይክ» ይሉታል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ደንበኛ አሳስቆ ገበያ የሚያመጣ፣ የሠራተኛ ልጅ ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ደግ ሰው ነው። ዝምታ ግን አይሆንለትም። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ካየ ሦስተኛ ይሆናል፤ አንዱ ዝም ካለም የእሱን ድርሻ ደርቦ ይናገራል።

ታናሽ እህቱ የቤቱ ቆራጭ ናት። ጨርቁን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ጠመኔዋን በጣቷ ይዛ ስትነድፍ ላያት እጇ የሚያስብ ይመስላል። እንግዳ ከመጣ ግን ከተጠቀለሉት ጨርቆች ጀርባ ትሸሸጋለች። ወንድሟ «ዝሚት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ልጆች ሳሉ ነው። ቤት የመጣ እንግዳ አንድ ነገር ጠይቋት መልሱ ቢዘገይባት፣ እሱ ቀደም ብሎ «እሷ አፍ የላትም፤ አፏ እኔ ነኝ!» አለ። ቤተሰቡ በሳቅ ፈነዳ። ቀልዱ እየተደገመ አብሯቸው አደገ፤ ውሎ አድሮም የኑሮ ደንብ ሆነ። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይናገርላታል።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሊከፈት የተቃረበ ትልቅ ሆቴል የሠራተኞቹን ልብስ የሚሰፋለት ይፈልግ ነበር። ስፌት ቤቱ የላከለትን ናሙናም ወዶታል። ማይክ በደስታ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠየመ።

«ነዳፊው ራሱ ቀርቦ ያስረዳን ይላሉ» አለ ስልኩን ዘግቶ። «ዝሚት የተሰበሰበ ሰው ፊት ቆማ ልትናገር? አለቀልን!»

እህቱ መቀሷን አስቀመጠች። «እኔ አልችልም» አለች፤ ድምፅዋ እንኳ በቅጡ አልወጣም።

ማይክ ግን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ቀድሞ ሰው ፊት ሲቆም ላብ የሚያጠምቀው የመድን ሻጭ፣ ሂፕኖሲስ የሚሉት፣ ሐሳብን አርግቶ የሚሠራ ሕክምና እንደረዳው ነግሮት ነበር። ወዲያው ደውሎ የባለሙያዋን አድራሻ ተቀበለ።

«ወንድምዬ፣ ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ የምትወስደኝ?» አለች እህቱ።

«ምን ጠንቋይ! ሳይንስ ነው። ሴትየዋ ታስተኛሻለች፤ ስትነቂ ምላስሽ ተፈትቶ ቁጭ!»

ባለሙያዋ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው የምትሠራው። ጡረታ የወጣች፣ ፀጉሯ የሸበተ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ማይክ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ሲስተር፣ እህቴ አፍ የላትም። ሥራ ሊያመልጠን ነው። አስተኝተው አፍ ያውጡላት።»

ሲስተር ሳቀች። «ልጄ፣ ታክሲ ውስጥ በሐሳብ ጭልጥ ብለህ መውረጃህ አልፎህ አያውቅም?»

«ስንቴ!»

«ሂፕኖሲስ የሱ ዘመድ ነው። አትተኛም፤ ሁሉን ትሰማለች። ያልፈለገችውን አላስደርጋትም፤ የሌላትንም አልጨምርላትም። እዚህ የምንሠራው ሐሳብ ረጋ ሲል ነው።» ወደ እህቱ ዞረች። «ወንድምሽ ይውጣ ወይስ ይቀመጥ?»

«ይቀመጥ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው አንድ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ» አለችው ሲስተር። ለማይክ ከዚህ የከበደ ቅጣት አልነበረም።

እህቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሲስተር በለሰለሰ ድምፅ እስትንፋሷን እንድትከተል፣ ትከሻዋን እንድታላላ መራቻት። ቀስ በቀስ ፊቷ ፈታ አለ።

«አሁን ስብሰባው ውስጥ ነሽ። ልትናገሪ ስትይ ምን ይመጣብሻል?»

«ድምፅ።»

«የማን?»

«የወንድሜ» አለች። «አፍ የላትም ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን አያስቀኝም።»

ማይክ የጋለ ካውያ ደረቱ ላይ ያረፈ መሰለው። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ጠረጴዛሽ ጋ ስትሆኚስ፣ መቀስ ስትይዥ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«በጭራሽ።»

«ያቺው ነሽ እኮ። ጠመኔ እንደያዘ ሰው ሁለት ጣቶችሽን ግጠሚ። ያንን እርጋታ ይዘሽው ወደ ስብሰባው ግቢ።»

ሲጨርሱ ማይክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ ዳነች?» አለ።

«መች ታመመችና? ልጄ፣ እሷን በማስተኛት እኔ ሁለተኛ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ 'አትችይም' እያለ በየቀኑ የሚያስተኛት ሌላ ባለሙያ አለ። እሱ ሥራውን ካላቆመ የኔ ድካም ከንቱ ነው።»

ደረጃውን ሲወርዱ ማይክ መሃል ላይ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«መቼ ዝም ብለህልኝ?»

መሳቅም ማልቀስም ከጀለው። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ሆነ። እህቱ ሲስተር ጋ ደጋግማ ሄደች። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ሰፊዎቹ ወንበር ደርድረው ይቀመጣሉ፤ እሷ ናሙናውን ይዛ ታስረዳለች፤ እነሱ እንደ ሆቴል ኃላፊ ኮስተር ብለው ይጠይቋታል። መጀመሪያ ትንተባተብ ነበር። ተሳስታ ትጀምራለች፣ ትስቃለች፣ ደግማ ትጀምራለች። ማይክ ከኋላ ተቀምጦ ከንፈሩን ይነክሳል።

ቀኑ ደረሰ። የሆቴሉ አዳራሽ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ሥራ አስኪያጁና ባልደረቦቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። እህቱ ተነሣች። ቆመች። ምንም ቃል አልወጣም። ማይክን ምላሱ በላው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሱ ዞረ። «ምናልባት እርስዎ ቢያብራሩልን?»

እነሆ፣ ዕድሜ ልኩን የለመደው በር ወለል ብሎ ተከፈተለት! እህቱ አየችው። እሱም አያት።

«የነደፈችው እሷ ናት» አለ። «ብንጠብቃት ይሻላል።»

እህቱ ሁለት ጣቶቿን ገጠመች። በረጅሙ ተነፈሰች።

«ጌታዬ፣ አንሶላ እንደሚያራግፍ ሰው እጅዎን ወደ ላይ ያንሡልኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ግራ እየተጋባ አነሣ። ኮቱ ሽቅብ ተሰበሰበ፤ ሸሚዙ ከሱሪው ውስጥ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሱም ሳቀ።

«አሁን ደግሞ ይሄን ይልበሱ።» የሠራችውን ልብስ አለበሰችው። አነሣ፣ ጎነበሰ፣ ተዘረጋ፤ ልብሱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ክፍል የሚያጸዱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ብብቱን አሰፋሁት። ኪስ ውስጥ የሚይዙት የክፍል ቁልፍ ሲጎነበሱ ሆዳቸውን እንዳይወጋም ኪሱን ወደ ጎን ወሰድኩት።»

ከዚያ ማን ያቁማት! ሲጠይቋት ትመልሳለች፣ ስትመልስ ዓይኗ ያበራል። አንዲት ሴት «ከመክፈቻው በፊት ሁሉንም ታደርሳላችሁ?» ስትል ማይክ ከወንበሩ ብድግ ሊል ቃጣው። እሱ ቢሆን «እንዴታ!» ይል ነበር።

«ሁሉንም አናደርስም» አለች እህቱ። «የጽዳትና የወጥ ቤት ሠራተኞችን ልብስ ግን በጥራት እናደርሳለን። የቀረውን ከመክፈቻው በኋላ።»

በማግሥቱ ስልኩ ጮኸ። የጽዳቱና የወጥ ቤቱ ልብስ ለእነሱ ተሰጠ፤ የቀረው ሥራቸው ታይቶ ይወሰናል። ስፌት ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ መኪኖቹ ቆሙ፤ ሰፊዎቹ ቆራጯን አቅፈው አዞሯት።

ወገኖቼ፣ ሂፕኖሲስ ተአምር አይደለም። የእህትየዋን ሙያ አልሠራላትም፤ ልምምዱንም አልተለማመደላትም። ያደረገው፣ በሌላ ሰው ድምፅ ተሸፍኖ የኖረውን የራሷን ድምፅ እንድትሰማ መርዳት ነው። እኛስ በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን ስንቱን «ፈዛዛ»፣ «ሰነፍ»፣ «አይሆንልህም» እያልን በቁሙ እያስተኛን ነው? በቀልድ የወረወርነው ቃል ሰው ልብ ውስጥ ቤት ይሠራል። ለምንወደው ሰው ከምንናገርለት ይልቅ እስኪናገር ብንጠብቀው ይበልጥ እንረዳዋለን።

ማይክ ከእልልታው ገለል ብሎ ለሲስተር ደወለ።

«ሲስተር፣ ለእኔም ቀጠሮ ይያዙልኝ። መስማት መልመድ እፈልጋለሁ።»

«ደስ ይለኛል፣ ልጄ» አለችው። «ግን ላንተ ሰፋ ያለ ጊዜ ነው የምይዘው።»