ያልደረቀው ድንጋይ

ታታንግን ከወደቀው የማዕድን ዋሻ ጣሪያ ሥር ሞቶ ሲያወጡት የቁፋሮ ባርኔጣው እንኳ ከራሱ ላይ አልወለቀም ነበር፤ ምን ያደርጋል። በማግስቱ የማዕድን መርማሪዋ ላስትሪ በዝናብ ጋሩት ወደሚገኘው የማዕድን ማውጫ ስትደርስ፣ ፖሊሶች ድማሚት አፈንጂውን ኦቶንግን ሊወስዱት ተዘጋጅተው አገኘቻቸው።

«ሁለት ቀን ስጡኝ» አለቻቸው።

ኦቶንግ እጆቹን ዘረጋላት። «ወይዘሮ ላስትሪ፣ ጣቶቼን ይቁጠሩልኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዷ አልጎደለችም። የቤተ ሙከራው ወረቀት ዐለቱ ጠንካራ ነው አለኝ፤ ለጠንካራ የሚሞላውን ድማሚት ሞላሁ።»

መሐንዲሱ ዊቦዎም ያንኑ ወረቀት አወጣ። «ጠንካራ ለተባለ ዐለት የብረት ድጋፍ ለምን አበዛለሁ? ያናጋው የሱ ድማሚት ነው።»

ወረቀቱን የፈረመችው የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ ዩዩን ናት። ዓይኗን ከመሣሪያው ሳታነሳ አስረዳች።

«በድንጋዩ ውስጥ ድምፅ እንልካለን። ቶሎ ከተሻገረ ጠንካራ ነው፤ ከዘገየ ውስጡ ክፍተት የበዛበት ነው።»

«ከመለካቱ በፊት ይደርቃል?» አለች ላስትሪ።

«አንድ ቀን ሙሉ፣ ምድጃ ውስጥ።» እጇ አንገቷ ላይ ወዳንጠለጠለችው የምድጃው ቁልፍ ሄደ።

ላስትሪ ምድጃውን አስከፍታ አሸተተች። የተለካውን ድንጋይ መልሳ አስገባችው፤ ምድጃውን አስለኩሳ ቆለፈችና ቁልፉን ተቀበለች።

ከዚያ ለቅሶ ደረሰች። የታታንግ ልጅ በዚያ ሳምንት ልታገባ ነበር፤ ለሠርጉ የተሰናዳው ክሩፑክ፣ ደርቆ በዘይት የሚጠበሰው የሽሪምፕ ቂጣ፣ ለለቀስተኛ ቀረበ። ላስትሪ አንዱን ቆረጠመች። ቀሽ አለ።

«ማን አደረቀው?»

«አባቴ። ከሥራ ቦታ አድርቆ አመጣልኝ» አለች ልጅቱ።

በማግስቱ ኦቶንግ፣ ዊቦዎና ዩዩን ከፖሊሶቹ ጋር ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰበሰቡ። ላስትሪ ድንጋዩን ከምድጃው አውጥታ ሚዛን ላይ አኖረችው።

«ወረቀቱ ደረቅ ክብደቱን አራት መቶ ስድሳ ግራም ይላል። አሁን አራት መቶ አምስት ነው። ድንጋይ አይከሳም፤ የጎደለው ውሃ ነው። ክፍተቱን ውሃ ሲሞላው ድምፁ ይፈጥናል፣ ደካማው ዐለትም ጠንካራ ይመስላል። ዛሬ ደርቆ ስለካው ድምፁ ዘገየ።»

«ለምን ሳይደርቅ ተለካ?» አለ ዊቦዎ።

«ምድጃው ተይዞ ነበራ። አሁንም ሽሪምፕ ሽሪምፕ ይላል። እዚህ ፀሐይ ከታየች ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ያልደረቀ ክሩፑክ ደግሞ ዘይት ውስጥ አይነፋም። የታታንግ ግን ተነፍቷል። ቁልፉ የነበረው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው።»

ማንም ዩዩንን አላያትም። እሷ ግን ተነሳች።

«ለመነኝ። አንድ ልጄ ናት፣ ሠርጓን ዝናብ አያበላሽብኝ አለኝ። ድንጋዮቹን አብረን አወጣናቸው። ወረቀቱ በማግስቱ ይፈለግ ስለነበር ደረቅ ብዬ ጻፍኩ።» ወደ ምድጃው ዞረች። «የሞተ ዕለት ጠዋት ወደ ዋሻው ሲገባ፣ ዩዩን ዐለቱ እንዴት ነው አለኝ። ግባ ወንድሜ፣ ጠንካራ ነው አልኩት።»

ኦቶንግ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ነጻ ወጥቷል፤ ደስ ግን አላለውም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለቻት ዩዩን ላስትሪን፣ ወደ ፖሊሶቹ ስትሄድ። «ለልጅቱ የክሩፑኩን ነገር አይንገሯት። ቁልፉም ፊርማውም የኔ ነው።»

ላስትሪ ሪፖርቷን እዚያው ጻፈች። ድንጋዩ ሳይደርቅ መለካቱን፣ ማን እንደፈረመ፣ ሁሉንም አሰፈረች። ምድጃው ውስጥ ምን እንደነበረ የሚገልጸው መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች። የክሩፑኩ ጣዕም አሁንም አፏ ውስጥ ነበር። መስመሩን ባዶውን ተወችውና ፈረመች።