ሽቦ የሌለው ቁልፍ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። የማታምኑ ካላችሁ አትመኑ፤ እንድትወዱኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

የሆነው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ቦታው የታናሽ እህቴ ቤት ጓሮ።

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እህቴን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ባሏን ግን እኔ አላሳደግኩትም፤ ማን እንዳሳደገውም እንጃ።

ይህን ሰው "ጌታው" እያልኩ ነው የምጠራው። ፊት ለፊቱ ጭምር። እሱ ማክበሬ ይመስለዋል።

ጌታው ከቤቱ ጀርባ የጣውላ በረንዳ አሠራና ጣውላው ውስጥ የሚቀበሩ ትንንሽ መብራቶች እንድገጥምለት ጠራኝ። እህቴ አንድ አምፖል ይበቃናል ብትለው፣ አምፖል የድሃ ነው አላት። እሺ ያልኩት ለእሷ ስል ነው። ቀላል ሥራ ነበር... ማብሪያ ማጥፊያ መምረጥ የሚባል ጣጣ ባይኖር ኖሮ።

ከሰዓቱን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ አዞረኝ። የውጪው ማብሪያ ከሳሎኑ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ቀለሙ፣ ጠርዙ፣ ሲጫኑት የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር። የሳሎኑን ሽፋን ነቅሎ በመሀረብ ጠቅልሎ ይዞታል። ባለሱቁ ፊት ይፈታዋል፣ ከአዲሱ ጋር ያስጠጋዋል፣ ዓይኑን ያጨናብሳል። ከዚያ "ይሄ ትንሽ ይጠቁራል" ይላል። አንዲት ሻጭ ሳቋን ለመደበቅ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አለች። እኔ ለመደበቅም አልሞከርኩ።

መጨረሻ ላይ ተገኘ። ግን የሳሎኑ ባለ ሦስት ቁልፍ ነው፤ የበረንዳው መብራት ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ፣ አንዱ ለጠርዙ፣ አንዱ ለደረጃው። ባለ ሁለት እንግዛ አልኩት።

"ባለ ሦስት ይሁን። ሦስተኛው ለዓይን ነው" አለኝ።

ሽቦ የሌለው ቁልፍ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። በእኛ ሙያ ባዶ ቁልፍ ግድግዳ ላይ አይተውም፤ ነገ የሚመጣ ሠራተኛ የሌለ ሽቦ ሲፈልግ ግድግዳውን ያፈርሰዋል። ግን ለጌታው ማን ያስረዳ? ገጠምኩለት።

ሊመሽ ሲል መሞከር ጀመርን። እህቴ በሩ አጠገብ ማብሪያው ፊት ቆመች። ጌታው ወንበሩ ላይ ተደላደለ። እኔ ከእህቴ ጎን ሆኜ መብራቶቹን አያለሁ።

አንደኛውን ተጫነች። ጠርዙ በራ።

ሁለተኛውን ተጫነች። ደረጃው በራ።

ሦስተኛውን ለቀልድ ተጫነች።

ቀጭ...

በረንዳው ላይ ምንም አልተለወጠም።

ከአጥሩ ማዶ ግን... ሜዳው ላይ... አንድ ረድፍ መብራት ቦግ አለ።

ያ ሜዳ ባዶ ነው። ቤት የለበትም፣ ምሰሶ የለበትም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሄጄ የሸናሁበት ሜዳ ነው።

እህቴ አጠፋችው። ማዶውም ጠፋ።

አበራችው። በራ።

ትክ ብዬ አየሁት። የእኛው መብራት ነው፤ አደራደሩ፣ ቀለሙ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ዘመም ብላለች። የእኛም የጥጓ ዘማማ ናት፤ ጣውላው ተሰንጥቆብኝ እኔው ነኝ አጣምሜ የገጠምኳት።

ፀጉሬ ቆመ።

ጌታው ምን አለ መሰላችሁ?

"ኮረጁኝ።"

አልፈራም እኮ። ተናደደ። የኮረጀውን ሰው ሄዶ ሊያፋጥጥ ተነሳ። እህቴ አትሂድ ብላ ለመነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በአጥሩ በር ወጣ። እኔ ምን አገባኝ? ይሂድ። እሷ ልትከተለው ስትል ግን እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት። ለእሱ ስል እሷን የማጣ ሰው አይደለሁም።

"ልቀቀኝ ወንድም ጋሼ..."

"የትም አትሄጂም።"

"ባሌ ነው..."

"ይሁን። አንቺ ግን እዚሁ።"

በአንድ እጄ እሷን እንደያዝኩ በሌላው ካቻቢቴ አውጥቼ የማብሪያውን ሽፋን ፈነቀልኩት። ከሦስተኛው ቁልፍ ጀርባ ሽቦ የለም። ስገጥመው እንደተውኩት ባዶ ነው። ቁልፉ ግን ይሞቃል... የሰው ገላ ያህል።

"ላጥፋው?" አለች በሹክሹክታ።

"እሱ እዚያ እያለ አይሆንም።"

ጌታው ሜዳውን አቋርጦ መብራቶቹ ጋ ደረሰ። እግሩን አነሳ... ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ ቆመ። ከዚያ ምንም በሌለበት አየር ላይ አንድ ነገር ጠጋ ብሎ መመርመር ጀመረ። አንገቱን አዘነበለ፤ ዓይኑን እንደሚያጨናብስ ከዚህ ሆኜ አወቅኩ።

"ቀለሙ ልክ ነው" ብሎ ተጣራ። ድምፁ ደስ ብሎታል። "ባለ ሦስት ነው..."

እንዳይነካው ጮኼ ነገርኩት። እንዳትነካ የተባለ ሞኝ ምን ያደርጋል? ነካው።

ቀጭ...

የጠፋነው እኛ ነን።

በረንዳው፣ ደረጃው፣ ሳሎኑ፣ ሁሉም በአንዴ ድርግም አለ። ገና ድፍን ጨለማ የሚሆንበት ሰዓት አልነበረም፤ ሰማዩም ግን አብሮ ጠፋ። አፍንጫዬ ሥር ያለው ግድግዳ አልታይህ አለኝ። ፈራሁ። የእህቴን እጅ የባሰ ጨበጥኩ።

"አለሽ?"

መልስ የለም። እጇ ግን እጄ ውስጥ ነው።

ማዶ ያሉት መብራቶች ብቻ ቀሩ። ጌታው መሃላቸው ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ሴት አለች... ሹራቧን ለየሁት። አቋቋሟን ለየሁት። ያሳደግኳት ልጅ አትጠፋኝም።

ወደ እኔ ዞረች።

"ወንድም ጋሼ..." አለች ከሜዳው ማዶ። "ማንን ነው የያዝከው?"

እጄ ውስጥ ያለው እጅ ጣቶቼን ቀስ አድርጎ ጨመቀ።