ከቀደምከኝ

ፈድሊያ እየሮጠች ያደገች ልጅ ናት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ጅማ አስፋልት ላይ ስትሮጥ ማየት ለአንዳንዱ ሳቅ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ የዓለም መጨረሻ ምልክት ነበር። እሷ ግን በቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጠልቅና፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ አባቷ ሐጂ አብደላ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት ሳይመለሱ በቦዬ መንገድ ትፈተለካለች። ሙቀቱ ሳይበረታ ተመልሳ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ትከፍታለች።

ሸኩርን ያገኘችው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። አገኘችው ከማለት ደረሰችበት ማለት ይሻላል። በርጩማ ጠራቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል በወጣትነቱ ቦርጭ አብቅሏል። ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ብሎት ሲያለከልክ በጎኑ አለፈችው። ስትመለስም እዚያው ጉልበቱን ይዞ ቆሟል።

«አንተ ልጅ፣ እንጨትህን ተሸክመህ ነው እንዴ የምትሮጠው?»

«ወላሂ፣ እንጨቱ ይቀል ነበር።»

ሳቀች። ያቺ ሳቅ ሸኩርን እንቅልፍ ነሳችው፤ በማግስቱም መጣ፣ በሳልስቱም መጣ። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ቦርጩ የት እንደገባ ጠፋ። አሁን ግማሽ እርምጃ ብቻ ወደኋላ ቀርቶ ይከተላታል።

«ሽማግሌ ብልክስ?» አላት አንድ ጠዋት።

«መጀመሪያ ቅደመኝ። ከቀደምከኝ አገባሃለሁ።»

አፏ ይስቃል፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ሸኩር ሲያያት መሬት መሬት አየች። እስከ ከተማ ድረስ እንደ ልማዳቸው ሮጡ።

ታላቅ ወንድሟ ቲጃኒ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር። ጠመንጃ ትከሻው ላይ ከወጣ ወዲህ ሰላምታው ራሱ ትእዛዝ ሆኗል። ሁለቱን አብረው ሲሮጡ ባየ ቀን እህቱን በር ዘግቶ በቀበቶ ገረፋት። የቀበቶው ዘለበት ከንፈሯን ተረተረው።

«የሐጂ አብደላ ልጅ ከእንጨት ጠራቢ ጋር! ቆይ፣ እሱን የት እንደምሰደው አሳይሻለሁ!»

በማግስቱ ያበጠ ከንፈሯን ይዛ ሮጠች።

«ማን ነው?» አለ ሸኩር።

«በር መታኝ።»

«በሩ ቀበቶ ይታጠቃል?»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሸኩር በእጁ ሊነካት ፈልጎ፣ መንገድ ላይ መሆናቸው ትዝ ብሎት እጁን መለሰ።

ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለው ኮታ አልሞላም፤ ወጣቱ አፈሳ ፈርቶ ቡና ጫካ ውስጥ ገብቷል። እሁድ ጠዋት የጅምላ ስፖርት እንዳለ፣ ለመጣም ሁሉ ማልያ እንደሚታደል በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ዘዴው የቲጃኒ ነበር። በየማለዳው የሚሮጥ ሰው ጤነኛ ነው፤ ጦር ግንባርም የሚፈልገው ጤነኛ ነው። ፈድሊያ ይህን ያወቀችው ኋላ ነው። እሷማ ሸኩርን «ና፣ ማልያ እንለብሳለን» ብላ ራሷ ይዛው ሄደች።

ሜዳው ሞላ። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን እየተባለ ሳለ ሁለት ካሚዮኖች መንገዱን ዘጉት።

ወታደሮቹ በሰደፍ ገቡበት። ሊያመልጥ አጥር ላይ የተንጠላጠለውን ልጅ ጎትተው ጣሉት፤ ክንዱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። አንዱ ደም የለበሰ ጥርሱን መዳፉ ላይ ይዞ ቆመ። የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ ሄደ፤ ሁለተኛው ግን አንዱን ሯጭ ወገቡን መትቶ በአፍጢሙ ደፋው።

«ፊጊ! ሸኩር፣ ሩጥ!» ፈድሊያ ጮኸች።

ወደ አዌቱ ወንዝ ሮጡ። እሷ ከፊት፣ እሱ እንደ ልማዱ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ። ከኋላቸው የሚመጣውን ኮቴ ለየችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታመልጠው የኖረችው የቲጃኒ ኮቴ ነው። ወንዙ ዳር፣ በሁለት አጥር መሀል ባለችው ጠባብ መንገድ ሲደርሱ ኮቴው ቆመ። ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማች።

ፈድሊያም ቆመች። ሸኩር በጎኗ ተወርውሮ አለፈ። ሲቀድማት የመጀመሪያው ነው። እሱ ተከትላው የምትመጣ መስሎታል፤ እሷ ግን ዞራ እጆቿን ዘርግታ መንገዱን ዘጋች።

«ዞር በይ!»

«ቲጃኒ፣ በእናታችን አፈር ይዤሃለሁ!»

«ዞር በይ አልኩሽ!»

«ግደለኝና እለፍ!»

አልገደላትም። ሰደፉን አዙሮ ጉልበቷን መታት። አጥንቱ ሲሰነጠቅ በጆሮዋ ሰማችው። ወድቃ እግሩ ላይ ተጠመጠመች፤ ትከሻዋን ደገማት፤ ነከሰችው እንጂ አልለቀቀችውም። ሲላቀቃት ሸኩር ወንዙን ተሻግሮ ቡናው ውስጥ ገብቷል።

ቲጃኒ ባዶ እጁን ተመለሰ። የወታደሮቹ አዛዥ የተሰበሰበውን ቆጥሮ ከኮታው አንድ ሰው እንደጎደለ ነገረው። ቲጃኒ ስለ እህቱ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ጠመንጃውን ተቀማ። በጎደለው ሰው ምትክ፣ እየጮኸ በፀጉሩ ጎትተው ካሚዮኑ ላይ ጫኑት።

በዓመቱ ከሰሜን ጦር ግንባር የቲጃኒ መርዶ መጣ። ፈድሊያ ወንድሟን ትጠላው ነበር፤ ቀበቶውንም ሰደፉንም አልረሳችም። ግን ሕፃን ሆና እሽኮኮ ያላትም እሱ ነውና ጨርቋን እየቀደደች አለቀሰች።

ሸኩር በደዶ ገጠር፣ አንድ ዘመዱ ዘንድ እያረሰ መደበቁን በገበያተኛ ሰምታለች። መልእክት ግን አልላከችም። ጉልበቷን ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ ይገደላል ብላ ናፍቆቷን ዋጠችው።

ደርግ በወደቀ በሳምንቱ አንድ የከሳ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ፈድሊያ በዱላ ተደግፋ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ተነሳች። ሸኩር ዱላውን አየ፣ ጉልበቷን አየ። በአዌቱ ዳር ለምን እንዳለፋት አሁን ገባው።

«ደክሞሽ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔ? በአንተ ተቀድሜ?»

ሐጂ አብደላ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁሉንም ይሰማሉ። ሸኩር ጎንበስ አለላቸው።

«ሐጂ፣ መርዶውን ሰምቻለሁ፤ ቲጃኒ በእኔ ፋንታ ነው የሄደው። ፊትዎ መቆም አይገባኝም።»

ሽማግሌው የያዙትን ጨርቅ አጥፈው አስቀመጡ። «ልጄን የበላው ራሱ ያጠመደው ወጥመድ ነው፤ አላህ ይማረው» አሉ። «የቀረችኝንም እኔ ደግሞ ልብላት? ሂድ፣ ሽማግሌህን ላክ።»

ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያው ማለዳ፣ ሁለቱ በቦዬ መንገድ ወጡ። ሸኩር ከዋንዛ የጠረበላትን አዲስ ዱላ ይዛለች። እሷ ታነክሳለች፤ እሱ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ይከተላል።

«እለፈኝ እንጂ፣ ቀርፋፋ! አሁን እኮ ኤሊም ይቀድመኛል!»

«አንድ ጊዜ ቀድሜሽ አይቼዋለሁ» አላት። «ይበቃኛል።»

ፈድሊያ ቆመች። ዱላዋን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ቀኝ እጇን ሰጠችው።