አስራ ሰባተኛው ኩባያ

እስረኛዋ ስንጥር፣ ክዳን ያለውን ትንሽ ኩባያ በወለል መወልወያ ጨርቅ ጠቀለለች። ነርሷ ጎንበስ አለች። ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«የማን ነው?»

«የሕፃኗ እናት አክታ። ትናንት ደም ተፋች።»

«ናሙና የሚወስደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አደርስልሻለሁ።»

ነርሷ ወጣች። የምስጢር ስሟ ጥላ ነው። ስንጥርም የምስጢር ስም ነው። የእስር ወረቀቷ ሌባ ይላል፤ የላካት ግን የጤና ተቆጣጣሪ ቢሮ ነው። የስድስት ዓመት ልጇን እህቷ ጋ ትታ እዚህ የገጠር እስር ቤት ከገባች ሦስት ወር ሆናት።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ሴቶች እያሳሉ ሞተዋል። የምርመራው ውጤት ግን ሁልጊዜ «ሁሉም ጤነኛ» ነው። ለምን? አርባዎቹ እስረኞች አክታቸውን አይሰጡማ። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ብቻዋን አርባውም ኩባያ ላይ ትተፋለች። በሽታ ከተገኘ ለእስር ቤቱ አዛዥ ድንጋይ የሚፈልጥለት የለም።

አንድ ኩባያ ብቻ በሽታ ካሳየ ግን ክፍሉ በሙሉ እንደገና ይመረመራል። ሕጉ ነው።

ሕፃኗ አስር ወሯ ነው። እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ትተኛለች።

አምስት ሰዓት ተኩል። ካቦዋ ኩባያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ትተፋለች፤ ክዳን ትገጥማለች።

«ይኸው ጤና በነፃ! እግዜር ይስጥልኝ የምትል እንኳ ትጥፋ?»

ሴቶቹ ሳቁ። የሕፃኗ እናት ሳቋ ወደ ሳል ዞረ።

በሩ ተበረገደ።

አዛዡ ነው። በእጁ የመወልወያው ጨርቅ።

ከኋላው ነርሷ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ሰላይት! ምራቅ ለቃሚ!» ኩባያውን ጥሎ በጫማው ጨፈለቀው። «ማነው የላከሽ?»

«እናትህ» አለች ስንጥር።

ዱላው አፏ ላይ አረፈ። ጥርሷ ሲሰበር ሰማችው። ሁለተኛው ግራ ክንዷን ሰበረ።

«ኧረ በልጆችዎ!» አለች የሕፃኗ እናት። በጥፊ ሲላት ከነልጇ ወደቀች።

ስንጥር መውደቂያዋን መረጠች።

ጠረጴዛው ላይ።

ኩባያዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ዱላው ጀርባዋን ሲወቃት ቀኝ እጇ ከሥሯ ይሠራል። አስራ ሰባት ቁጥርን፣ የሕፃኗን እናት ኩባያ፣ አገኘች። አጠገቧ ያለው የመወልወያ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ከቀሚሷ እጥፋት ሌላ አስራ ሰባት ቁጥር አወጣች።

እናቲቱ የተፋችበት እውነተኛው ይህ ነው። ለነርሷ የሰጠችው የገዛ ምራቋን ነበር። ማንንም ሙሉ በሙሉ አታምንም።

«ልቀሚና ቁጠሪ!» አለ አዛዡ።

ካቦዋ ለቀመች። አስራ ሰባት ቁጥርን ስታነሳ እጇ ቆመ። በኩባያው ውስጥ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ይታያል።



ካቦዋ ወለሉ ላይ የምታለቅሰውን ሕፃን አየች።

«አርባ» አለች። «ልክ ነው ጌታዬ።»

ሳጥኑን ራሷ አሸገችው። ዱላው የቆመው የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ነው።

በአምስተኛው ቀን አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከፖሊስ ጋር መጡ። እያንዳንዷ ሴት በራሷ ኩባያ ተፋች። ዘጠኙ ቲቢ ተገኘባቸው። አዛዡና ነርሷ በካቴና ወጡ። ሕፃኗና እናቷ በአንድ አምቡላንስ ለሕክምና ሄዱ።

ከዘጠኙ አንዷ ስንጥር ነበረች።

ከሳምንት በኋላ፣ ማንም በማያውቃት ከተማ፣ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች።

«እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ትንሽ አሞኛል የኔ ቆንጆ። ሲሻለኝ።»

«ምነው እንደ አሮጊት ታወሪያለሽ?»

«ጥርሴ ወልቆ ነው።»

«የኔም ወለቀ!»

ስንጥር ስልኩን ከአፏ ራቅ አደረገች።

ከክፍሉ በር ላይ አንድ ስም ተጠራ። የእሷ እውነተኛ ስም አልነበረም፤ አዲሱ ካርዷ ላይ የተጻፈው ግን ይኸው ነው።

ስልኩን ዘጋችና ተነስታ ገባች።