ሾመው የሸኙት ሐኪም

በ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የዳሞታ ተራራ የበልጉን ጉም ተከናንቦ ሶዶ ከተማን ቁልቁል በሚመለከትበት አንድ ማለዳ፣ በወላይታ አውራጃ ከዚያ ቀደም ያልታየ ነገር ታየ፤ ጭሰኛ ጌታውን ረታ። ጭሰኛው ሽማግሌው ጦና ነው፤ ጌታው ቀኛዝማች ገብረአማኑኤል ናቸው፤ ያስረታው ግን የመንግሥቱ ክሊኒክ ብቸኛ ሐኪም፣ በባሕር ማዶ አሜሪካ ተምሮ የመጣው የአገሩ ልጅ ዶክተር ኤርካሎ ባዳቾ ነበረ። የቀኛዝማች ምስለኔ «ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ነው የቆሰለ» ብሎ ቢምል፣ ሐኪሙ የጦናን ጀርባ ለችሎቱ ገልጦ አሳየና፣

«ክቡር ዳኛ፣ የቆጮ ጉድጓድ አለንጋ አይዝም» አለ፤ ቀጥሎም ኋላ ራሱን የጎዳበትን ቃል ተናገረ፤ «ይህን ቁስል እኔ እሰፋዋለሁ፤ ነገ የሚከፈተውን ግን የሚሰፋው ሕግ ነው።»

ቀኛዝማች ካሳውን ከፈሉ፤ ኀፍረቱን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት። ሐኪሙን ከአገር ለማስነሣት እስከ ጠቅላይ ግዛቱ ድረስ ደጅ ጠኑ፤ ዳሩ ግን ከአረካ እስከ ገሱባ ሌላ ሐኪም የለምና ሰሚ አጡ። ያን ጊዜ አባቶቻቸው ያወረሷቸው ጥበብ ትዝ አላቸው፤ የማይነቀል ሰው ይሾማል።

በሳምንቱ ማር አስይዘው ክሊኒኩ ድረስ መጡ።

«ዶክተር፣ እኔ ልጤ የተራሰ፣ ጉድጓዴ የተማሰ ሽማግሌ ነኝ፤ ቂም ይዤ ልሙትን?»

«እኔ ዘንድ ቂም የለም፣ ቀኛዝማች፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፤ አንተን ላስቀምጥ ነው የመጣሁ። ሕግ ይሰፋዋል አላልክም? ሕግ የሚሸመነው ሶዶ ነው እንዴ? ምክር ቤት ግባ!»

«ለመወዳደር ርስት ያስፈልጋል፤ እኔ ከዚህ ነጭ ጋዋን በቀር ምን አለኝ?»

«ጦና የሚያርሰውን ግማሽ ጋሻ በስምህ አዞረዋለሁ። ከነጦናው ውሰደው! እንግዲህ የሚገርፈው ቢኖር አንተ ነህ» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ኤርካሎም አብሮ ሳቀ፤ ጦናን ከአለንጋ ማዳን ነው ብሎ ተቀበለ።

ነገሩ በልቡ ቦታ ያገኘው በከንቱ አልነበረም፤ በአሜሪካ ያስተማረው አንድ ሐኪም ማዳመጫውን ሰቅሎ ለግዛቱ ምክር ቤት ተመርጦ፣ ለድኆች ሰፈር የቧንቧ ውኃ በሕግ ሲያስገባ በዓይኑ አይቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ሰው መንገድ ያልም ነበር። መምህሩ ሲሄድ በዚያው ጎዳና ላይ ብቻ አራት ሐኪሞች መቅረታቸውን ግን ሕልሙ አላሳየውም።

«ዶክተር፣ እኚህ ሰው በቅሎ ሲጭኑልዎ መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ይጠይቁ እንጂ» አለችው ነርስ አባይነሽ፣ የመርፌ መቀቀያውን ከእሳት እያወረደች።

«ሰው ንስሐ አይገባም ትያለሽ?»

«ይገባል። እሳቸው ግን ንስሐ ሲገቡም ምስለኔ ነው የሚልኩ!»

ሰኔ ደረሰ። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሲባል ለሐኪሙ መርፌ፣ ለተወዳዳሪው ለጨው ነጋዴው ለአቶ ደገፉ ሚዛን የምርጫ ምልክት ሆነላቸው። የቀኛዝማች ምስለኔዎች ጭሰኛውን ከየቀበሌው እየነዱ አመጡ፤ ኤርካሎም ሰልፉን ባየ ጊዜ ሕዝቡ ወደደኝ ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያዳናቸው ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩበት ይሉኝታ መሰለው።

መርፌ ሚዛንን በሰፊው አሸነፈ። ቀኛዝማች በግቢያቸው ሠንጋ ጥለው ጥሬ ሥጋውን ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረቡ፤ የሚሲዮን ልጅ መሆኑንና ጠጅ እንደማይቀምስ ስለሚያውቁም ለእርሱ ለብቻው ብርዝ አስጣሉለት። ኤርካሎ ነፋስ ሊቀበል ወደ በሩ ብቅ ቢል፣ ጦና ከአጥሩ ውጭ በጭቃው ላይ ቆሞ አገኘው።

«ሳሮ፣ ጎዳ» አለው ሽማግሌው። ሳሮ በወላይትኛ የሰላምታ ቃል ነው፤ ጎዳ ማለት ግን ጌታ ነው፤ እስከዚያ ቀን «ልጄ» ነበር የሚለው።

«አባ ጦና፣ እኔን ነው ጎዳ የሚሉኝ?»

«መሬቱ ያንተ አይደል? እኔስ በላዩ አይደለሁ?»

«ይህንስ ይተዉት። ለመሆኑ መርጠውኛል?»

«ምን በደልከኝና እመርጥሃለሁ?»

ኤርካሎ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ሽማግሌው ቀጠለ፤ «ለደገፉ ነው የጣልኩ። ከምጥ ያተረፍካት ቦሼም ለደገፉ ነው የጣለች። ደገፉ ቢሄድ ጨው ከሌላ እንገዛለን፤ አንተ ብትሄድ ነፍስ ከማን እንገዛለን? ግን ምስለኔው ሚዛኑን የነካ ከመሬቱ ይነቀላል አለና፣ ሰው ፈራ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ! ደስ ያለው ሰው ምን ይሰማል?»

ከውስጥ የቀኛዝማች ድምፅ ተሰማ፤ «ክቡር እንደራሴ! ግቡ እንጂ፣ ብርዙ ይጠብቃል!»

ያን ጊዜ ገብቶ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት «ሹመቱን አልቀበልም» ቢል የሚያስረው አልነበረም። ነገር ግን ኤርካሎ በሕይወቱ ሙሉ ክቡር ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም፤ ቃሏም ጆሮው ውስጥ ሞቀችው። ሕጉን አውጥቼ በዓመቱ እመለሳለሁ ሲል ለጦና ነገረው፤ ጦናም የጌታ ቃል ነውና ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ ኤርካሎም ተመልሶ ገባ።

በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ ምክር ቤቱ ተከፈተ። የባለርስትና የጭሰኛ ነገር በተነሣ ዕለት ኤርካሎ ብድግ ብሎ ገና «ጭሰኛው» ከማለቱ፣ አንድ ጺማም እንደራሴ ፈገግ አሉና፣

«የወላይታው ክቡር እንደራሴ፣ እርስዎስ ጭሰኛ አለዎት?» ብለው ጠየቁት።

«አለኝ… አንድ ሽማግሌ…»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «እንግዲያስ የኛው ነዎት፤ ይቀመጡ!»

ተቀመጠ። ነገሩም ለጥናት ወደ ኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴውም ወደ ሌላ ኮሚቴ መራው።

በዚያው መኸር ወባ ከብላቴ ወንዝ ቆላ ተነሥታ ወደ ደጋው አቀበቱን ወጣች። በኤርካሎ ምትክ ይላካል የተባለው ሐኪም አልተላከም ነበር። አባይነሽ መድኃኒቱ ባለቀባት ጊዜ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብታ፣ እንደራሴውን በምክር ቤቱ ደጃፍ ጠብቃ አገኘችው፤ ጫማዋ የሶዶን ጭቃ እንደያዘ ነበር።

«አባ ጦናን ቀበርነው፤ ቦሼንም ከነልጇ። ምትኩ መቼ ነው የሚመጣ?»

ከኤርካሎ አፍ የወጣው ግን፣ «ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል ተይዟል» የሚል ነበር።

አባይነሽ ቀና ብላ አየችው። «እግዜር ይይልዎ! ለእኔም እንደነሱ ሆነው ይናገራሉ?» አለችና፣ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደች።

ታሪክ ስለ ዶክተር ኤርካሎ ባዳቾ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከወላይታ ተነሥቶ በባሕር ማዶ የተማረ ሐኪም በሕዝብ ድምፅ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገባ ይላል፤ ውሸትም አይደለም። በዚያ መኸር በብላቴ ዳር ስንት ነፍስ እንዳለቀ ግን ታሪክ አያውቅም፤ ሙታንን ቆጥሮ ለመንግሥት ማስታወቅ የአውራጃው ሐኪም ሥራ ነበርና፤ እርሱም ስብሰባ ላይ ነበር።