ጢስ ያልወጣበት ጎጆ

«ዛሬም ጢስ የለም።»

ይህን ማን እንደተናገረ አሁን በትክክል አላስታውስም፤ ዘመኑ ርቋል። የሰማሁት ከሽማግሌው ከሼኽ ረጀብ ግቢ፣ ከቀርከሃው አጥር ማዶ ተቀምጬ ቅርጫት ስጠግን ነው። የድምፁ መንቀጥቀጥ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ያን ዓመት ፈንጣጣ በአሶሳ ዙሪያ ገብቶ ነበር። የታመሙት ከወንዙ ማዶ በተሠራ ጎጆ ተለይተው ይተኛሉ። በሽታው አንድ ጊዜ ይዞ የለቀቀው ሰው ዳግመኛ ስለማይያዝ፣ አስታማሚ የሚሆነው የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ነው። ጠባሳ ካላቸው መካከል ሼኽ ረጀብ የመደቡት ግን ብኸይታን ብቻ ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ተሟጋች ዘመድ የሌላት ሴት። እኛ ምግቡን ወንዙ መካከል ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠን እንሸሻለን፤ እሷ መጥታ ትወስዳለች። ጠዋት እሳት ስታነድ ጢሱን አይተን «አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ» እንላለን።

ያን ሰሞን ግን ጢሱ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ገንፎ ጉንዳን ወርሮታል። ደፍሮ የተሻገረ የለም።

ከታመሙት አንዷ የሼኽ ረጀብ ልጅ ዐዋጢፍ ነበረች። እናቷ ሰዕዲያ ባሏን በጥያቄ ያዘቻቸው።

«ልጄን ማን ውሃ ያጠጣታል?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል! ብኸይታ ከማዶ ሆና ‹ደከመኝ፣ የሚያግዘኝ ላኩልኝ› ብላ ስትጮህ አንተ ምን አልካት?»

«‹ትለምጂዋለሽ› አልኳት። ጠንካራ ሴት ናት።»

«በቅሎም ጠንካራ ናት፤ ካላረፈች ከነጭነቷ ትወድቃለች። ማሽላ ስንወቅጥ እንኳ የአንዷ ክንድ ሲዝል ሌላዋ ዘነዘናውን ትቀበላለች። ለሰው ነፍስ አንድ ክንድ ብቻ አቆምክ!»

«ጠባሳ ያለበትን ኻሚስንም ጠየቅኩት። ‹ወንድ ቁስል አያጥብም› አለኝ።»

«አንተስ፣ የዐዋጢፍ አባት? ጢምህ ሥር ያለው ጠባሳ ምንድን ነው? ጦር ወግቶህ ነው?»

በዚያው ቅጽበት ከማዶ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «ውሃ…» የማን እንደሆነ አይለይም።

«ቅሉን አምጪ» አሉ ሼኽ ረጀብ።

ሲሻገሩ ሁላችንም ወንዙ ዳር ወጥተን ቆምን፤ ከንፈራችን ዱዓ ያነበንባል። ቆይተው ከጎጆው ደጃፍ ሆነው ያዩትን ጮኸው ነገሩን። ዐዋጢፍ ትተነፍሳለች። ብኸይታ ምድጃው አጠገብ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር፤ ውሃ ሲያጠጧት ነቃች። ከታመሙት አንዱ የነበሩት አዛውንቱ ጀዕፈር ግን እጃቸው ባዶ ቅል ላይ እንዳለ ሞተዋል። የገደላቸው ፈንጣጣ ብቻ አይመስለኝም።

በሽተኛ የምታስጠብቁ ሰዎች ሆይ፣ ጎጆ መሥራትና ምግብ መላክ አይበቃም፤ አስታማሚውም ጠባቂ ይሻል። ለሥራው የሚሆነውን መድቡ እንጂ እምቢ ማለት የማይችለውን አትመድቡ። ተተኪ አዘጋጁለት፤ «ደከመኝ» ሲል ስሙት። የዛለ እጅ ውሃ አያቀብልም።

ብኸይታ እየተንገዳገደች ሼኹ ወዳሉበት የማዶው ወንዝ ዳር መጣች። «ወደ ማስታመሙ እመለሳለሁ፣ ሼኽ፤ ብቻዬን ግን አይደለም» አለች።

«ብቻሽን አይደለም» አሉ ሼኹ። «አንቺ እስክትጠነክሪ እኔ እዚህ ነኝ። ከዚያ ኻሚስ ይተካኛል፤ ከዚያ አንቺ።»

«ሰማህ ኻሚስ? አንተ ወንዱ!» አለች ሰዕዲያ።

ኻሚስ ከእኛ ጋር ቆሞ አቀርቅሮ ነበር። ቀና ሲል ሼኹ ከማዶ እጅጌያቸውን ሰብስበው የበሽተኞቹን ጨርቅ ሲያጥቡ አየ።

«ቁስል ማጠብ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

«አሳይሃለሁ» አለች ብኸይታ።

«እንግዲያው እሻገራለሁ።»