የሦስተኛው ዘፈን ጊታር

የአያቴን ጣቶች ዓይኔን ጨፍኜ ከሺህ ጊታር ተጫዋቾች መሀል እለያቸዋለሁ። ጉራዬን ልነፋ አይደለም። እሺ፣ ጉራም አለበት። ግን «ሁለት አውራ» የተባለውን አልበም ከሞት ያስነሳሁት እኔ ቲልዳ ግሪቭ ነኝ፤ ሆረስ ፒክልስ ደረጃ ሥር ወድቆ በሞተ ዕለትም፣ ማን እንዳልገደለው ከፖሊሷ ቀድሜ ያወቅኩት በዚሁ ጆሮዬ ነው።

«ሁለት አውራ» ሁለት የሮክ ጌቶች ብራድፎርድ በሚገኝ አዳራሽ አብረው ሲጫወቱ መድረክ ላይ የተቀዳ አልበም ነው። በጊታር አያቴ ሴፍተን ግሪቭ፣ በድምፅ ላይል ኬምፕስተር። እናቴ እንኳ ያኔ አልተወለደችም። አልበሙ ሲወጣ ጋዜጦቹ ዘለዘሉት። አንዱ «ሁለት አውራ ዶሮዎች ሲጮኹ አመሹ፤ አንዱም አላነጋም» ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ «ከጊታሩ ሶሎ በኋላ እንኳ ተመልካቹ እጁን ከኪሱ አላወጣም» አለ። ከዚያ ወዲህ አያቴ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አልበሙም በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ካርቶን ውስጥ ተኛ።

እኔ ዘንድሮ ሰማሁት። እውነት ነው፣ ድራሙ ይጎተታል፤ ላይልም እንደ ጉንፋናም በሬ ያገሳል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ጊታሩ ይገባል። የሚገባው ፈርቶ ነው፤ በር አንኳኩቶ «ልግባ?» እንደሚል ሰው። ከልካይ ሲያጣ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። ይህንኑ በስልኬ ተናግሬ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። «ይህ ሳይሰሙት የኖረ ሰው ነው። አያቴ ነው። ስሙት!» አልኩ። ሰው ሰማ። አሳታሚውም አልበሙን ከዋናው ቴፕ አጽድቶ እንደገና ሊያወጣው ወሰነ።

ያን ቅዳሜ ሄብደን ብሪጅ በምትባለው ከተማ፣ ሆረስ ቤት የተሰበሰብነው ለዚህ ነበር። ሆረስ ያኔ ለሁለቱ ጌቶች ጊታር ይቃኝ፣ ዕቃ ይሸከም፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖም ቴፑን ይቀዳ ነበር። አሁን የሚኖረው አሮጌ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው፤ የቴፕ ክፍሉ ድሮ ዘማሪዎች ይቆሙበት የነበረው ሰገነት ላይ ነው። እኔ፣ አያቴ፣ ላይልና የሁለቱ የድሮ ሥራ አስኪያጅ ማቪስ ከሰዓት በኋላ ዋናውን ቴፕ አብረን ልንሰማ ተቀጣጥረን ነበር።

ምሳ ላይ የጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ያው ሦስተኛው ዘፈን እየሄደ ነበር። ሆረስ የሻይ ስኒ አጠገቤ አስቀመጠና ጎንበስ አለ።

«ቲልዳ፣ ያን ማታ እኮ…»

«እሽሽ!» አልኩት እጄን አንስቼ። «አያቴ እየተጫወተ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አያቴ ብቻ ሾርባውን እያየ ቀረ።

ከምሳ በኋላ ላይል ውሻውን ይዞ ወደ ቦዩ ዳር ወጣ። ማቪስ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣላት። አያቴ «ሆረስ የሰጠኝ ክፍል ገብቼ ጎኔን ላሳርፍ» አለ። ሆረስ ወደ ሰገነቱ ወጣ። እኔ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ካለው መቃብር ቦታ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የድንች ጥብሴን ስቆረጥም፣ ከላይ ከመስኮት ጊታር ሰማሁ። ሦስተኛው ዘፈን! ድራም የለ፣ ላይል የለ፣ ጊታሩ ብቻ። አያቴ ክፍሉ ውስጥ እየተጫወተ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። መሀል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልቀጠለም።

ወደ ቤት ስገባ ማቪስ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ቆማለች፤ እጇ አፏ ላይ ነው። ሆረስ ከእግሯ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ሃልሳል የመጣችው ከሁለት ፖሊሶች ጋር ነው። አጭር ሴት ነች፤ የዝናብ ካፖርቷ ከቁመቷ ይረዝማል፤ ከአፏ የናና ከረሜላ አይጠፋም። ፖሊሶቹ «አዳልጦት ነው» አሉ። እሷ ግን የሆረስ ሸሚዝ ቀኝ እጅጌ ከትከሻው መተርተሩን አየች። ከዚያ ግራ እጁን አንስታ የጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«ሟቹ ጊታር ይጫወቱ ነበር?»

«ሆረስ?» ሳቅኩ። «ሆረስ ጊታር ይሸከማል።»

«ሲጫወቱ ያየ የለም?»

ከቦዩ ዳር የተመለሰው ላይል ውሻውን አየ። ማቪስ በወጥ ቤቱ በር ምድጃውን አየች።

ኢንስፔክተሯ ላይልን ይዛ ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ። የቴፕ ማጫወቻው ላይ ትልቁ ጥቅል ተቀምጧል፤ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ተጠንጥኗል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተቀዳበት ቻናል ሁሉ ተዘግቶ አንዱ ብቻ ክፍት ነው፤ ሥሩ በሆረስ እጅ «ትርፍ» ተብሎ ተጽፏል። መስኮቱም ክፍት ነው። እሷ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጥቅሎች ታገላብጥ ጀመር።

«አቶ ኬምፕስተር፣ እነዚህ ሁሉ ለምን መጨረሻቸው ወደ ውጭ ሆነ?»

«የሙያው ልማድ ነው» አለ ላይል። «ቴፕ ሰምተሽ ስትጨርሺ መልሰሽ አታጠነጥኚውም። መጀመሪያው ወደ ውጭ ሆኖ ከቆየ ድምፁ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ያልፋል፤ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ጥላው ቀድሞት ይዘፍናል። እኔም ስቱዲዮዬ ውስጥ እንደዚሁ ነው የማደርገው።»

«ማጫወቻው ላይ ያለውን ሆረስ ለእናንተ ለማሰማት አዘጋጅተውት ቢሆንስ?»

«ሆረስ? ሰሚው ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ አያጠነጥንም። አንዴ ካስጀመረው ደግሞ እስከ መጨረሻው ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል መሀል ላይ አያቆመውም።»

ታች ስንወርድ ማቪስን ጠየቀቻት። «እኔ እንኳን ያንን ማሽን የሻይ ማፍያውንም ማብራት ያቅተኛል» አለች ማቪስ። «ተኝቼ ነበር። የነቃሁት የሆነ ነገር ሲወድቅ ነው። ድመቷ ናት ብዬ ዝም አልኩ።» ወደ ደረጃው ተመለከተች። «ድመቷ ናት ብዬ።»

ቀጥሎ አያቴ ነበር። ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«አቶ ግሪቭ፣ እርስዎስ የት ነበሩ?»

አያቴ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላኝ። «ክፍሉ ውስጥ ጊታር ሲጫወት ነበር! ከመቃብሩ ቦታ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

አያቴ ቀና ብሎ አየኝ። «አዎ» አለ። «ስጫወት ነበር።»

«ምን?» አለችኝ ኢንስፔክተሯ።

«የሦስተኛውን ዘፈን ሶሎ፤ መሀል ላይ ግን ቀጥ አለ። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት የምታመልጠው ጭረት አለች፤ እሷ ሳትቀር አልበሙ ላይ እንዳለችው!»

«ልክ እንዳለችው?»

«ልክ እንዳለችው።»

ከረሜላዋን ከአንድ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛወረች። እኔ አያቴን ያዳንኩት መስሎኝ ደረቴ ተነፋ። ስለዚህ ጨመርኩላት። «ገዳዩን ከፈለጉ እዚያ ቆሞልዎታል። ሰው ሁሉ አያቴን ሲያደንቅ ላይል በቅናት ያረረ ነው።»

«አንቺ ልጅ» አለ ላይል፣ «ጉንፋናም በሬ ስትይኝ ችዬሻለሁ። ነፍሰ ገዳይ መባል ግን አልችልም።»

ሻይ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ሃልሳል ሁላችንንም ወደ ሰገነቱ ጠራችን። ሆረስ ለእኛ ብሎ በደረደራቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። የእሱ ወንበር ባዶውን ቀረ።

«አቶ ኬምፕስተር፣ ሦስተኛውን ዘፈን ያውጡልኝ» አለች። «መጀመሪያ ‹ሴፍተን› የሚለውን ቻናል ብቻ።»

ላይል ከፈተው። ጠበቅን። ሶሎው መግባት ባለበት ቦታ ጊታር የለም። የሰው ትንፋሽ አለ። ብርጭቆ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ከዚያ ዝም።

«አሁን ‹ትርፍ› የሚለውን።»

ከድምፅ ማጉያው ያ በር ተንኳኳ። ልግባ? ያ ጊታር ገባ። ከመቃብሩ ቦታ እንደሰማሁት ብቻውን፣ ራቁቱን። መሀል ላይ ጭረቷ መጣች። 

«ያቁሙት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቲልዳ፣ ከመቃብሩ ቦታ የሰማሽው ይህንን አይደለም?»

ዓይኔን ከማጫወቻው አንስቼ አያቴን አየሁት።

«ነው» አለች ራሷ መልሳ። «ሰው አንድን ሙዚቃ ሁለቴ ሊጫወት ይችላል። ጣቱ ሳያስበው ያመለጠችውን ጭረት ግን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ አይደግማትም። የሰማሽው ቴፑን ነው። አቶ ግሪቭ፣ ግራ እጅዎን ይስጡኝ።»

አያቴ ሰጣት። ይዛው ወደ እኔ ዞረች። «ንኪው።» ነካሁት። ስንት ጊዜ ይዤው መንገድ የተሻገርኩት እጅ ነው። የጣቶቹ ጫፍ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው።

«ይህ እጅ ጊታር ከነካ ዘመን የለውም» አለች። «የሆረስ ጣቶች ግን እንደ ጫማ ሶል ጠንክረዋል፤ እስካሁንም ሲጫወቱ ኖረዋል። የዚያን ማታ ተመልካች ለምን እንዳላጨበጨበ ጋዜጦቹ አልገባቸውም። ለማን ያጨብጭብ? ጊታሩ ይሰማል፣ መድረኩ ላይ ያለው ጊታረኛ ግን እጁን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። የሚጫወተው ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። አቶ ኬምፕስተር፣ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ይዘፍኑ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ ላይል። «ሴፍተን ጠጥቶ እጁ እምቢ አለው። ሆረስ ትርፉን ጊታር አንስቶ አዳነን። እኔ መድረክ ላይ እንኳ ዞሬ አላየሁትም።»

«ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ማቪስ። «ሴፍተን እስኪሻለው ብቻ አልኩት። አልተሻለውም። ሆረስም ዝም እንዳለ ቀረ።»

«የዛሬው እንዲህ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሆረስ እዚህ ሆነው ለአንድ ሰው ‹ትርፍ›ን ከፍተው አሰሙ። መሀል ላይ ቴፑ ቆመ፤ ሆረስ ደግሞ መሀል ላይ አያቆሙም። ከዚያ ሌላው ሰው ቴፑ የት ላይ እንደቆመ እንዳይታወቅ መልሶ አጠነጠነው። አቶ ኬምፕስተር የሙያውን ልማድ ስለሚያውቁ መልሰው አያጠነጥኑትም፤ ወይዘሮ ማቪስ ማሽኑን አያውቁትም። የቀረው፣ ቁልፍ መጫን የሚችል፣ የሙያውን ልማድ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ቲልዳ ‹ሲጫወት ነበር› ስትል ያ ሰው ‹አዎ› አለ። ያን ጊዜ ምርመራዬን ጨረስኩ።»

አያቴ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሆረስ ለልጅቷ ልነግራት ነው አለኝ» አለ። «ሌላ ሰው ባይሰማም ግድ የለኝም፣ እሷ ግን ትወቅ አለኝ። ቴፑን አቆምኩት። ደረጃው ጫፍ ላይ እጅጌውን ያዝኩት… ተመነጨቀ። ወርጄ አየሁት። ይተነፍስ ነበር።»

«አባባ» አልኩ።

«ይተነፍስ ነበር፣ ቲል። እኔ ግን ተመልሼ ወጥቼ ቴፑን አጠነጠንኩ። የተቀዳውን ልደመስሰው አስቤ ነበር። እጄ እንደገና እምቢ አለኝ። በስሜ ከተሠራ ነገር ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ስመለስ ሆረስ…» ካፖርቱን ለመልበስ እጅጌውን ፈልጎ አጣው፤ ፖሊሱ አለበሰው።

የፖሊስ መኪናው አያቴን ይዞ ሲሄድ እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ማቪስ ስኒዎቹን ታጥባለች፤ ላይል ያደርቃል። ምሳ ላይ ሆረስ ያስቀመጠልኝ ስኒ አሁንም እቦታው ነው፤ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠርቷል። አልነካሁትም ነበር። አያቴን አጋልጬ የሰጠሁት በገዛ አፌ ነው። ሆረስን ምን እንዳደረግኩት ደግሞ አስቤ ልጨርሰው አልቻልኩም። ማልቀሴን ለማቆም አንድ የምቆጣው ሰው ፈለግኩ፤ ከሟቹ ሌላ አላገኘሁም።

«ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ!» ብዬ ጮህኩ። «ጆሮ ያለኝ ሰው ነኝ እኮ! ለምን ዝም ብሎ አልነገረኝም?»

ማቪስ ስኒውን ከፊቴ አንስታ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋችው።

«ሊነግርሽ ሲጀምር ‹እሽሽ!› ያልሽው አንቺ!»